ማንም የማያያት ሽቦ

ሰው ማንም ለማያየው ሥራ ምን ያህል ሊታመን ይገባዋል? ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ የሃይማኖት አባቶችም ፈላስፎችም ተመላልሰውበታል። እኔ ግን ያገኘሁት በመጽሐፍ ገጽ ላይ ሳይሆን እዚህ ናይሮቢ፣ ከአንድ አሮጌ መኪና ሆድ ሥር በጀርባዬ ተንጋልዬ ሳለሁ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከዚያው ከጭቃው እንድጀምር ይፈቀድልኝ።

መኪናው እ.ኤ.አ. በ1971 የተሠራ ፎልክስዋገን ኮምቢ ነው። እንደ እርሱ ያሉት በዚያ ዘመን በኬንያ ፓርኮች ውስጥ፣ ጣሪያቸው ወደ ላይ እየተከፈተ፣ አራዊት ሊያዩ የመጡ እንግዶችን ሲያመላልሱ ኖረዋል። የእኔው ከዚያ አገልግሎት በጡረታ ተሰናብቶ፣ አልጋና ትንሽ ጠረጴዛ ተገጥሞለት፣ ሰው የሚያድርበት የጉዞ ቤት ሆኖ ነው እጄ የገባው። እ.ኤ.አ. በ2023 ካምቢዮው አለቀ። ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ ያንገጫግጫል፤ ቁልቁለት ላይ እግሬን ከነዳጁ ሳነሳ ደግሞ ሦስተኛው በራሱ ዘሎ ይወጣል። የማርሾቹን ፍጥነት የሚያስማሙት የናስ ቀለበቶች ሳስተዋል፤ ኩሽኔታዎቹም ላልተዋል። መለወጥ ነበረበት፤ እኔም ራሴ እለውጠዋለሁ አልኩ።

ወዳጆቼ፣ “ፉንዲ በሞላበት ከተማ ምን አስጨነቀህ? የሰውን እንጀራስ ለምን ትሻማለህ?” አሉኝ። በስዋሂሊ ፉንዲ የእጅ ባለሙያ ማለት ነው። ተግሣጹ ቀላል አልነበረም፤ “ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው” የሚለው ብሂልም ከእነርሱ ጋር የቆመ ይመስላል። ገንዘብ ለመቆጠብ ነው ብዬ መለስኩላቸው። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። ሃያ ዓመት ያህል የአንዱን ቋንቋ ወደ ሌላው እየመለስኩ በቃል ብቻ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እጄ ከብዕር በቀር የሚያውቀው ነገር የለም። የወጣሁትም የእጅ ሥራን ሲንቅ ከኖረ ኅብረተሰብ ነው። በቀጥቃጩ ማረሻ እያረስን፣ በሸክላ ሠሪዋ ድስት እየበላን፣ የሙያቸውን ስም ግን ስድብ አደረግነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ በእኔ ልብ ውስጥ ግን ገና በሚገባ አልታወጀም ነበርና አፈርኩ። ለዚህ ነው መፍቻ ያነሳሁት።

የመጀመሪያው ትምህርት የቋንቋ ነበር። መመሪያው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ ምክር የምጠይቀው ፉንዲ ስዋሂሊ ይናገራል፤ እኔ በልቤ የማስበው በአማርኛ ነው። አማርኛችን ደግሞ ለዚህ ሙያ ቃላቱን በአብዛኛው የወሰደው ከጣሊያንኛ ነው፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ ሁሉ ከዚያ የመጡ ናቸው። ስማቸውን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ካምቢዮ በውስጡ ምን እንደሚሠራ ግን በአርባዎቹ ዕድሜዬ ገና አሁን አየሁ። ቃልን ማወቅ ነገሩን ማወቅ ይመስለን የነበርን ሰዎች ብዙ ነን።

የኮምቢ ሞተር ያለው ከኋላ ነው፤ ካምቢዮው ከሞተሩ ፊት ይቀመጣል። ስለዚህ ካምቢዮውን ለማውረድ መጀመሪያ ሞተሩን ማውረድ ግድ ይላል። ባትሪው ይነቀላል፤ የነዳጁ ቱቦ ይዘጋል፤ ሁለቱን የሚያያይዙት አራት ብሎኖች ይፈቱና ከ100 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝነው ሞተር በክሪክ ላይ ሆኖ ቀስ እያለ ይወርዳል። ከዚያ ኃይልን ወደ ኋላ ጎማዎች የሚያደርሱት ሁለት ዘንጎች፣ በየበኩላቸው ስድስት ስድስት ብሎን እየተፈታ፣ ከካምቢዮው ይለያያሉ። ለባለሙያ የአንድ ቀን ሥራ የሆነው ነገር የእኔን ሦስት ቅዳሜዎች በላ።

ምትኩ የተገኘው የመኪና መለዋወጫ ከሚሸጥበት ከኪሪንያጋ መንገድ ነው። ከሌላ ኮምቢ የወጣ ካምቢዮ ነበር፤ ከፍቶ ቀለበቶቹንና ኩሽኔታዎቹን የለወጠው ግን በዕድሜ የገፋ ፉንዲ እንጂ እኔ አይደለሁም። “ራሴ ሠራሁት” የሚለው ኩራቴ ገና ከመጀመሪያው ግማሹ የሰው ነበር። ሽማግሌው ብሎኖቹን በጨርቅ ቋጥሮ ሲሰጠኝ አንድ ስንዝር የምታህል ቀጭን ሽቦ ጨመረበት። ምን ትሠራለች አልኩት። የማርሽ መለወጫውን ዘንግ ከካምቢዮው ጋር በሚያገናኘው ማያያዣ ላይ ራሷ ባለ አራት ማዕዘን የሆነች አንዲት ብሎን አለች። ብሎኗ ከጠበቀች በኋላ በሽቦ ትታሰራለች፤ ካልታሰረች የመኪናው ንዝረት ቀስ በቀስ ይፈታታል። ያን ጊዜ መለወጫው በሹፌሩ እጅ ወዲያና ወዲህ ይላል እንጂ ካምቢዮው አይታዘዝም። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ለመቀነስ የሞከረ ሹፌር ሞተሩ የሚይዝለትን አጥቶ በፍሬን ብቻ ይቀራል።

በሦስተኛው ቅዳሜ ማታ ሞተሩ ተነሣ፤ አራቱም ማርሾች ገቡ፤ ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ዞርኩበት። በማግስቱ አንድ ወዳጄ ባለቤቱንና ሦስት ልጆቹን ይዞ ወደ ናይቫሻ ሐይቅ ሊወርድበት ቃል ገብቼለት ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነቃሁ። ብሎን የማጠራቅምበትን ጣሳ ስከፍት ሽቦዋ ከታች ተጠቅልላ ተቀምጣለች።

ዝናብ ይዘንባል። ብሎኗን በሙሉ ኃይሌ አጥብቄአታለሁ። ናይቫሻ ደርሶ መልስ 200 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ በዚህ ርቀት አትፈታም ብዬ ብወራረድ ምናልባት እረታ ነበር። ብትፈታስ ማን ያውቃል? “አሮጌ መኪና ነው” ይባላል። አሮጌ መኪና የብዙ ሰው ኃጢአት ይሸከማል። እንግዲህ ውጤትን ብቻ የሚመዝን ሰው ተመልሶ ቢተኛ የሚወቅሰው የለም።

በዚያች ሰዓት ትዝ ያለኝ ግን መኪና አልነበረም። ከዓመታት በፊት የአንዲት ስደተኛ እናት የምስክርነት ቃል ወደ እንግሊዝኛ መልሼ ነበር። ቤቷ የተቃጠለበትን ጊዜ ስትጠየቅ “ሰኔ ውስጥ ይመስለኛል” አለች። እኔ “ሰኔ ውስጥ” ብዬ ጻፍኩ። ዓረፍተ ነገሩ እንዲያምር ነው፤ ቀኑም መሽቶ ነበር። የተጠራጠረችበት ነገር በእኔ እጅ ያረጋገጠችው ሆነ። ሌላ ቀን ሌላ ሰው ቢጠይቃትና “ሐምሌ መሰለኝ” ብትል፣ ወረቀቱ ውሸታም ያደርጋታል። በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ከእኔ በቀር አልነበረም። ስህተቱን ያየሁት ወረቀቱ ከሄደ በኋላ ነው፤ አይቼም ዝም አልኩ። ሴትዮዋ የት እንደደረሰች አላውቅም። “ይመስለኛል” የምትለዋ ቃል ሽቦ ነበረች።

ይህን ካሰብኩ በኋላ ጥያቄው ብሎኗ ትፈታለች ወይስ አትፈታም የሚል መሆኑ ቀረ። ወዳጄ መኪና ሥር ገብቶ ሊመረምር አይችልም፤ ቢገባም የሚያየውን አያውቅም። ልጆቹ ከኋላ አልጋው ላይ ተኝተው ይሄዳሉ። ሊመረምረን በሚችል ሰው ፊት ሥራን ማሳመር ብልህነት ሊሆን ይችላል፤ ታማኝነት የሚፈተነው ግን ሊመረምረን በማይችል ሰው ዘንድ ነው። ያቺ እናት እንግሊዝኛውን ማንበብ አለመቻሏ ሸክሜን የሚያቀልልኝ መስሎኝ ነበር። ለካስ እጥፍ ያደርገው ነበር።

በእርግጥ አንድ ሰው ተነሥቶ፣ “እንዲህ ከሆነማ ምንም ሥራ አያልቅም፤ ሰው ሁሉን ብሎን በሽቦ ሲያስር ሊኖር ነው ወይ?” ቢለኝ ተገቢ ጥያቄ ነው። ፍጹምነትን መሻት ራሱ ሌላ ትዕቢት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መኪናውን የነደፉት ሰዎች ሁሉንም ብሎን በሽቦ አላሰሩም። የታሰረችው ያች ብሎን መላላቷ አስቀድሞ የማይታወቀው፣ በታወቀ ጊዜም የሚያስከትለው አደጋ የሚከብደው ናት። ከዚህ የተሻለ መለኪያ እኔም አላገኘሁም። በጽሑፌ ውስጥ ሺህ ቃል ቢጎረብጥ አንባቢ ይታገሠኛል። የሌላ ሰው ሕይወት የተንጠለጠለባትን አንዲት ቃል ግን ደክሞኝ ነበር ብዬ ልተዋት አይገባኝም።

ወጥቼ በባትሪ ብርሃን አሰርኳት። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ጧት ወዳጄ ሲመጣ የሆነውን ነገርኩት፤ መንገር አልነበረብኝም የሚሉ ይኖራሉ። ጥቂት ዝም አለና፣ “አሁን ታስራለች?” አለኝ። “ታስራለች” አልኩት። ቁልፉን ተቀብሎ ሄደ።

የወረደበት ቁልቁለት እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ በጣሊያን የጦር ምርኮኞች ጉልበት የተሠራ ነው፤ ከመንገዱ ዳር ያነጿት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ አለች። ካምቢዮ የሚለውን ቃል ለእኛ ያቀበለን ያው ቋንቋ የእነርሱ ነው። ድንጋዩን ያነጠፉት በግዳጅ፣ ለማረካቸው መንግሥት ነበር፤ ሥራውን የሠሩት በምን ልብ እንደሆነ ከድንጋዩ ላይ ማንበብ አይቻልም። ዛሬ በዚያ የሚያልፈው መንገደኛ ስማቸውን ሳይጠይቅ በሠሩት ላይ ይሄዳል።

“ሙያ በልብ ነው” ይላሉ አባቶቻችን፤ የሠራህበትን አታውራ ለማለት ነው። እኔ አሁን ሌላም የሚል ይመስለኛል፤ ሥራው መሠራቱን የሚያውቀው መጀመሪያ የሠሪው ልብ ነው። “ራሴ ሠራሁት” ማለትም ሌላ ሰው አላገዘኝም ማለት ሳይሆን የማሳብብበት ሌላ ሰው የለኝም ማለት ነው።

ሰኞ ጧት የዚያችን እናት ወረቀት ቅጂ ከመሳቢያዬ ፈልጌ አወጣሁ። የቀረችውን ቃል ጠቅሼ የማረሚያ ደብዳቤ ጻፍኩና ትርጉሙን ወደተቀበለው ክፍል ላክሁ። እስከ ዛሬ መልስ አልመጣልኝም።