ጉርሻ፣ ካሳ፣ ድርሻ

አንድ ኩባንያ ሌሎች ከሚኖሩበት መሬት ዘይትና ጋዝ እያወጣ፣ ለዚያው መሬት ነዋሪዎች ትምህርት ቤት ቢያድስ፣ ክሊኒክ ቢያቋቁም፣ ለወጣቶች የትምህርት ወጪ ቢችል፣ ሥራው ምን ይባላል? ኩባንያዎቹ «ማኅበራዊ ኢንቬስትመንት» ይሉታል። ስሙ ያማረ ነው። እኛ ግን በገዛ ቋንቋችን ሦስት ቃላት ስላሉን በእነርሱ ብንመዝነው ይሻለናል፤ ጉርሻ፣ ካሳ፣ ድርሻ።

ጉርሻ የፍቅር ምልክት መሆኑን ማንም አይክድም። ይሁንና መጠኑን የሚለካው የአጉራሹ እጅ ነው። ጎራሹ አፉን ይከፍታል እንጂ «ከዚያኛው ወጥ ይሁንልኝ» አይልም። ደግሞም የሞላ አፍ አይናገርም። ካሳ ሌላ ነው። ካሳ የሚከፈለው ተበዳይ ሲኖር ነው፤ መጠኑንም ሽማግሌ ወይም ዳኛ ይቆርጠዋል። ድርሻ ግን ቸርነትንም ጥፋትንም አይጠብቅም። ባለድርሻ ከመጀመሪያውም ከገበታው ባለቤቶች አንዱ ነው፤ ገበታው ይቅረብ አይቅረብ በሚለው ላይ እንኳ ቃል አለው።

እንግዲህ በዚህ ሚዛን ወደ ሰሜን እንሂድ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በሩሲያ ምሥራቃዊ ጫፍ በምትገኘው በሳካሊን ደሴት ኒቭኽ፣ ኡይልታ፣ ኤቬንኪና ናናይ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች ይኖራሉ። ሁሉም ተደምረው ከ4,000 አይበልጡም። ኒቭኾች ከጥንት ጀምሮ በሳልመን ዓሣ፣ ኡይልታዎችና ኤቬንኪዎች ደግሞ ሬንዲር በሚባለው የበረዶ አገር አጋዘን እርባታ ኖረዋል። ሳካሊን 2 የተባለው የዘይትና የጋዝ ፕሮጀክት ሲመጣ፣ በደሴቲቱ ላይ 800 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መሥመር ተዘረጋ፤ ቧንቧዎቹ ከ1,000 በላይ ወንዞችንና ጅረቶችን አቋረጡ። ዓሣው የሚራባው እኮ በእነዚያው ወንዞች ነው! በጥር 2005 ነባሮቹ ሕዝቦች በብርድ ወጥተው መንገድ ዘጉ። የጠየቁት ሁለት ነገር ነበር፤ በአኗኗራችን ላይ የሚደርሰው ጉዳት በገለልተኛ ባለሙያ ይጠና፤ ለጉዳቱም ካሳ ይታሰብልን።

በ2006 ኩባንያው ከተወካዮቻቸው ጋር የልማት ዕቅድ ተፈራረመ፤ ለአምስት ዓመት፣ በየዓመቱ 300,000 ዶላር። ገንዘቡን በሚያከፋፍሉት ኮሚቴዎች ውስጥ የነባሮቹ ተወካዮች ተቀምጠዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሌላ ቦታ ይህም አልተገኘም። ግን ሂሳቡን እናስላው። ለአንድ ሰው በዓመት ከመቶ ዶላር በታች ነው። የፕሮጀክቱ ወጪ ደግሞ በ2005 በወጣው ግምት 20 ቢሊዮን ዶላር ነበር። የገንዘቡ ማነስ እንኳ ዋናው ነገር አይደለም። ዋናው፣ ሕዝቡ እንዲመክር የተጠራው ስለ ጉርሻው አከፋፈል እንጂ ስለ ገበታው አለመሆኑ ነው። ካሳ ጠየቁ፤ በልማት ስም ጉርሻ ተሰጣቸው።

«ታዲያ ባዶ እጃቸውን ቢቀሩ ይሻላቸው ነበር?» የሚለን አይጠፋም። አይሻላቸውም። ክሊኒክ ክሊኒክ ነው፤ የታመመ ልጅ ያላት እናት መድኃኒቱን የገዛው ማን እንደሆነ አትመራመርም፤ ልትመራመርም አይገባትም። መቀበሏም አያስወቅሳትም። የሞራሉ ጥያቄ የሚያርፈው በተቀባይዋ ላይ ሳይሆን በሰጪው ላይ ነው። የሰው ወንዝ ያደፈረሰ ሰው ውሃ በገንቦ ቀድቶ ቢያመጣ፣ ውሃው ይጠጣል፤ «ቸር ነኝ» ማለቱ ግን አይዋጥም።

ሌላ መንገድ አልነበረም እንዳይባል ደግሞ ሰሜን ካናዳን እንመልከት። በማኬንዚ ሸለቆ የጋዝ ቧንቧ ለመዘርጋት በታሰበ ጊዜ፣ መንግሥት በ1974 ዳኛ ቶማስ በርገርን አጣሪ አድርጎ ሾመ። ዳኛው ዋና ከተማ ተቀምጦ ባለጉዳይ አልጠበቀም። 35 መንደሮችና ከተሞች ድረስ ሄዶ የዴኔን፣ የኢኑዊትንና የሜቲስን ሕዝብ በየቋንቋው ሰማ፤ ወደ 1,000 የሚሆኑ ምስክሮች ቃላቸውን ሰጡ። በ1977 ባወጣው ሪፖርት፣ የመሬት ጥያቄያቸው እስኪፈታ የሸለቆው ቧንቧ ለ10 ዓመት ይቆይ አለ።

ቧንቧው ቆመ። በመካከሉ ኢኑቪያሉይቶች በ1984፣ ግዊቺኖች በ1992፣ ሳህቱዎች በ1993 ስለ መሬታቸው ከመንግሥት ጋር ተፈራረሙ። ከዚያም በ2000 ነባሮቹ የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው የአዲሱን ቧንቧ አንድ ሦስተኛ ለመያዝ ተነሡ። ያው ቀድሞ «ይቆይ» ያለው ሸለቆ ነው! አቋም መገልበጥ ይመስላል፤ አይደለም። እምቢ የማለት አቅም ስለነበራቸው እሺታቸው ዋጋ አገኘ።

ድርሻም ቢሆን እንከን አያጣም። ባለድርሻ የሚያተርፈው ቧንቧው ሲሠራ ብቻ ስለሆነ ለወንዙ የሚጮኸው ድምፁ ሊቀንስ ይችላል። የዴህ ቾ ሕዝቦች ወደ ማኅበሩ ሳይገቡ ቀርተዋል፤ ይህም መብታቸው ነው። ደግሞም ፕሮጀክቱ ጋዝ በመርከሱ በ2017 ተሠረዘ፤ የተጠበቀው ትርፍ ሳይመጣ ቀረ። የመሬቱ ውል ግን ከቧንቧው ጋር አልተሠረዘም። ጉርሻ ከአጉራሹ ጋር ይሄዳል፤ መብት ይቀራል።

ነገ ከመካከላችን መሐንዲስ፣ ኢኮኖሚስት፣ የሕግ ባለሙያ ሆኖ ከኩባንያው ወይም ከመንግሥት ወገን የሚቀመጥ አለ። የሚያምር ሪፖርትም ይቀርብለታል፤ ይህን ያህል ክፍል ተሠራ፣ ይህን ያህል ተማሪ ተረዳ የሚል። ያን ጊዜ «ስንት ሰጣችሁ?» የሚለው ጥያቄ አይበቃም። «ከመጀመራችሁ በፊት ማንን ጠየቃችሁ? እምቢ ቢሏችሁስ ትተዉት ነበር?» እንበል። ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ከጠፋ፣ የተሰጠው ሁሉ ምንም ያህል ቢበዛ ጉርሻ ነው።