ሒሳብ መጠየቅ ሰውን መጠርጠር ነውን?



በአገር ቤት ሳለን ጸሎት ቤት ሲሠራ ወይም የጎረቤት ጎጆ ሲቀለስ የዕቃውን ሒሳብ የሚጽፍ ሰው አልነበረም። ደቦ ይጠራል፤ አንዱ ምሰሶ፣ አንዱ ማገር፣ ሌላው የሣር ሸክም ይዞ ይመጣል። ሴቶች ውኃ ይቀዳሉ፤ ጭቃው ከጭድ ጋር ይቦካል። ክምሩ በሜዳ ላይ ስለሆነ ማን ምን እንዳመጣና ምን እንደጎደለ መንደሩ ሁሉ ያያል። ጸሐፊ አላስፈለገንም፤ ዓይናችን ጸሐፊ ነበረ።

ዛሬ በእስራኤል ማኅበራችን አንድ ክፍል ለማደስ ሲነሣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የምናዋጣው ሣር ሳይሆን ገንዘብ ነው። አሸዋው፣ ሲሚንቶውና የወለሉ ንጣፍ ከሱቅ ይገዛል። ደረሰኙ በዕብራይስጥ የተጻፈ ነው፤ ብዙዎቻችንም የምናነበው በልጆቻችን አፍ ነው። ክምሩ ከዓይናችን ተሰውሯል። ታዲያ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ዕቃውን ሲገዙልን «ደረሰኙን ያሳዩን» ማለት ነውር ነውን?

ይህን የምንጠይቀው በከንቱ አይደለም፤ በእኛው መካከል ደርሷል። ለጸሎት ቤታችን እድሳት ዕቃ እንዲገዙ ለአንድ አባት አደራ ሰጠናቸው። ወለሉን አስቀድመን አልለካንም፤ ስንት ከረጢት ሲሚንቶ እንደሚበቃ አልቈጠርንም፤ ከእሳቸው ጋር ማን እንደሚፈርምም አልወሰንንም። ንጣፉ ሥራው ሳያልቅ አለቀ፤ ሲሚንቶው ደግሞ ተርፎ እርጥበት ነካውና ደነደነ። ያን ጊዜ ሐሜት ተጀመረ። በስብሰባ ላይ አንድ ወጣት ተነሥቶ «ገንዘቡ የት ገባ?» አለ። እኛም ሁላችን ዝም አልን። አባታችን ወረቀቶቹን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ወጡ። ሲቈጠር አንዲት ሸቀል አልጎደለችም። እሳቸው ግን ለብዙ ሰንበት ወደ ጸሎት ቤቱ አልመጡም።

ጥፋቱ የማን ነበር? መልሱን ከኦሪት እንፈልግ። የማደሪያው ድንኳን ሲሠራ ሕዝቡ ከሚያስፈልገው በላይ ስላመጣ ሙሴ «ይበቃል፤ ከእንግዲህ አታምጡ» ብሎ አስነገረ። «ይበቃል» ለማለት የቻሉት ሠራተኞቹ የሥራውን ልክ አስቀድመው ስላወቁ ነው። ያልለካ ሰው መብቃቱንም መጉደሉንም አያውቅም። ሥራውም ሲፈጸም ሙሴ ሒሳቡ እንዲቈጠር አዘዘ፤ የአሮን ልጅ ኢታምር ይህን መራ። ወርቁ 29 መክሊት ከ730 ሰቅል፣ ብሩ 100 መክሊት ከ1,775 ሰቅል ሆነ። መቶው መክሊት ለመቶ እግሮች ዋለ፤ 1,775ቱ ሰቅል እንኳ ለምሰሶዎቹ ኩላቦች መዋሉ ተጽፏል። ከሙሴ የሚበልጥ የታመነ ማን ነበረ? ነገር ግን ሰው እስኪጠይቀው አልጠበቀም።

አንዳንድ አባቶች ግን እንዲህ ይሉናል፦ «በንጉሥ ኢዮአስ ዘመን ቤተ መቅደሱ ሲታደስ የገንዘቡን ሒሳብ ከአሠሪዎቹ አልተቀበሉም፤ በታማኝነት ይሠሩ ነበርና።» እውነት ነው፤ በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 12 ተጽፏል። ሆኖም ከዚያ በፊት ያለውን ደግሞ እናንብብ። ንጉሡ በነገሠ በ23ኛው ዓመት እንኳ የቤቱ ፍራሽ አልተጠገነም ነበር። ካህኑ ዮዳሄ ሣጥን ወስዶ ክዳኑን ቀደደና በመሠዊያው አጠገብ አኖረው። ገንዘቡ ሲበዛ የንጉሡ ጸሐፊና ሊቀ ካህናቱ ሁለቱ ሆነው ይቈጥሩትና ለአሠሪዎቹ ይሰጡ ነበር፤ እነርሱም ለጠራቢዎችና ለግንበኞች፣ ለእንጨትና ለድንጋይ መግዣ ያውሉት ነበር። እንግዲህ መተማመኑ የቆመው በሣጥኑና በሁለቱ ቈጣሪዎች ላይ ነው። ሥርዓቱ ስለቀደመ ጥርጣሬ ቦታ አላገኘም።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። ሒሳብ ሥራው ሳይጀመር ከተወሰነ የታመነውን ሰው ስም የሚጠብቅ አጥር ነው። ሐሜት ከተነሣ በኋላ ከተጠየቀ ግን ክስ ነው። ያንን አባት የበደልናቸው ደረሰኝ በመጠየቃችን አይደለም፤ አስቀድመን ባለማደራጀታችን ብቻቸውን ስለተውናቸው ነው። ወጣቱም የጠየቀው ነገር ትክክል ነበር፤ ጊዜውና አነጋገሩ ግን ትክክል አልነበረም።

ስለዚህ ከእንግዲህ ለማንኛውም የጋራ ሥራ እንዲህ እናድርግ። መጀመሪያ ቦታው በባለሙያ ይለካ፤ የሚያስፈልገው ዕቃ ከነብዛቱ ይጻፍ። ንጣፍ ሲቈረጥ ስለሚሰበር ጥቂት መጠባበቂያ ተጨምሮ ባንድ ጊዜ ይገዛ፤ ሲሚንቶ ግን ሥራው ሲደርስ ይምጣ፤ ከመሬት ከፍ ተደርጎ በደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ገንዘቡ በሁለት ሰው ፊርማ ይውጣ። አንድ ሽማግሌና ዕብራይስጥ የሚያነብ አንድ ወጣት አብረው ይግዙ፤ ደረሰኙም በአማርኛ ተተርጉሞ በጸሎት ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ያን ጊዜ ክምሩ እንደገና በሜዳ ላይ ይሆናል፤ ሁላችንም እናየዋለን።

ወደ እኚያ አባት ቤትም ሽማግሌዎችንና ያንን ወጣት ይዘን ሄደን ይቅርታ ጠይቀናል። እሳቸውም ቡና አስፈልተው ተቀበሉን። ለሚቀጥለው ሥራ ዕቃ ገዢ እንዲሆኑ ስንለምናቸው «ከልጁ ጋር ከሆነ እሺ» አሉን።

እግዚአብሔር ሥራችንን ይባርክልን፤ መተማመንን ይስጠን። አሜን።