ያረጁ ቃላትና ዕዳቸው

አንድ ሥርዓት ሲወድቅ አዋጁ ይሻራል፤ ሹሙም ይሻራል፤ መሬቱም ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ቃሉ ግን በአዋጅ አይሻርም። ሰውን ከሰው የለየው፣ አንዱን ጌታ ሌላውን ሎሌ ያሰኘው ቃል፣ ሥርዓቱ ከተቀበረ በኋላም በሰው አንደበት ይኖራል፤ አለዚያም ከአንደበት ወጥቶ በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ይተኛል። እንግዲህ ነገሩ የሞተበትን ቃል ምን እናድርገው? እንቅበረው? ወይስ እንደ ጌጥ አንሥተን በግጥማችንና በተውኔታችን እናጥልቀው? ይህ የሰዋስው ጥያቄ ብቻ አይመስለኝም፤ የግብረ ገብ ጥያቄም ነው።

በመሠረቱ ያረጀ ቃል ሁሉ ዕዳ የለበትም። የኢሉባቦር ቡና በበቅሎ ተጭኖ ከጎሬ በቡሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ይወርድ፣ በክረምት ባሮ ሲሞላም በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጓዝ በነበረበት ዘመን፣ «ነጋድራስ»፣ «ጠገራ ብር»፣ «አሞሌ» የዕለት ተዕለት ቃላት ነበሩ። የዛሬው ወጣት ባያውቃቸው ጥቂት ድህነት ነው እንጂ በደል አይደለም። «ፈረሱላ» እንዲያውም 17 ኪሎነቱን እንደ ያዘ በቡና ገበያ እስከ ዛሬ ይኖራል። የአገሩም ስም ቢሆን ያረጀ ልማድ የተቀመጠበት ጎተራ ነው። ኢሉ የጎሣ ስም ሲሆን አባ ቦራ የፈረስ ስም ነው፤ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው ያሰኘው ዓይነት ስም። ጋላቢውም ፈረሱም አልፈው ስማቸው የዞን መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል።

ዕዳ ያለበት ቃል ሌላ ነው፤ ከእነዚህም አንዱ «ገባር» ነው። ሥሩ የግዕዙ «ገብረ» ነው፤ ሠራ፣ አደረገ ማለት። ከዚህ አንድ ሥር ምን ያህል ቅርንጫፍ እንደ በቀለ ልብ ይሏል፤ ገበሬ፣ ተግባር፣ ምግባር፣ ግብር፣ እንዲሁም ከላይ የጠራነው ግብረ ገብ። ሠሪውና ሥራው፣ መልካም ጠባይና የመልካም ጠባይ ትምህርት ከአንድ ማሕፀን ወጡ። ግን ደግሞ «ግብር» ሁለት ፊት አለው፤ ገበሬው የሚከፍለውም ግብር ነው፤ ጌታው ድንኳን አስተክሎ የሚያበላውም ግብር ነው። አብይው ባለ ስም ሆነ፤ የበሬውና የማሩ ባለቤት ግን በግብሩ ወግ ውስጥ አልተጠራም።

በመቱ ከወጣት ተዋንያን ጋር አንድ ተውኔት ስናጠና ከመካከላቸው አንዱ በዚህ ቃል ላይ ቆመ። «ጋሼ፣ ገባር ማለት ግብር ከፋይ አይደለም እንዴ? ታዲያ ሰውየው ለምን ያለቅሳል?» አለኝ። ልጁ አልተሳሳተም። ታማኝ ግብር ከፋይ የምስክር ወረቀት በሚሸለምበት ዘመን ያደገ ነው፤ በቃሉ ፍቺ ብቻ ቢሄድ የደረሰበት ቦታ ትክክል ነው። የጎደለው የፍቺው ግማሽ ነው። በደቡብና በምዕራብ አገራችን ገባር ማለት በደመወዝ ፈንታ ለወታደር ወይም ለሹም የተመደበ ቤተሰብ ነበር፤ እህል የሚፈጭ፣ እንጨት የሚለቅም፣ አጥር የሚያጥር፣ ስንቅ የሚሸከም። ከጣልያን መውጣት በኋላ በ1930ዎቹ የወጡት የግብር አዋጆች ይህን ግዳጅ በገንዘብ ግብር ተኩት። መሬቱ ግን ለአራሹ አልተመለሰምና «ጪሰኛ» የሚለው ቃል ገነነ። በሰው መሬት ላይ ጭሱ የሚጨስ ማለት ነው! ጎጆ የለው፣ እርሻ የለው፣ ያለው ጭስ ብቻ ነው። ይህን ቃል ማን እንደ ፈጠረው ባይታወቅም ከብዙ ባለቅኔ ይበልጣል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጪሰኝነትን ሻረ፤ ቃሉም ከእለት ንግግር እየራቀ ሄደ።

ቃል እንዲህ ያለ ባለቤት ሲያጣ ምን እንደሚደርስበት ከእንግሊዞች ልንማር እንችላለን። በጥንታዊት እንግሊዝ «ቪሌይን» ይባል የነበረው በጌታው መሬት ላይ የታሰረ ባላገር ነው፤ የእኛ ገባር ዘመድ ማለት ነው። ዘመናት ሲያልፉ ያው ቃል ክፉ ሰው፣ ተንኮለኛ ማለት ሆነ፤ ዛሬ በተውኔት ውስጥ የሴራው ጠንሳሽ የሚጠራበት ስም ነው። «ቸርል» ተራ ነጻ ገበሬ ነበር፤ ስድ ሆነ። በአንጻሩ «ጄንትል» የተባለው የመልካም ዘር ልጅ የደግነትና የትሕትና ስም ሆኖ ከበረ። ተበዳዩ በስሙ ሁለተኛ ተበደለ፤ በዳዩ በስሙ ተመሰገነ።

እኛስ? «ጨዋ» በነገሥታቱ ዜና መዋዕል በየአውራጃው የሚሠፍር ጭፍራ ነበር፤ ዛሬ ሥነ ሥርዓት ያለው ሰው ነው። «ባላገር» የአገር ባለቤት ማለት ሲሆን ከተሜው ሲያፌዝ ይጠራዋል። እንግሊዞቹን የምንወቅስበት አፍ የለንም።

ከዚህ የከፋው ግን ያረጀውን ቃል አንሥቶ በሕያው ሰው ላይ መወርወር ነው። «ነፍጠኛ» ነፍጥ የታጠቀ ወታደር ማለት ነው፤ የሥራና የሥርዓት ስም ነበር። ዛሬ አንዱ እንደ ስድብ፣ ሌላው እንደ ፉከራ ሲጠራው ቃሉ የሥራ ስምነቱን ለቆ የዘር ስም ይሆናል፤ ያንጊዜ ታሪክን አይገልጽም፤ ይሸፍናል እንጂ። ገባሩም ነፍጠኛውም በየተራ ይረሳሉ፤ የሚቀረው ጠብ ነው።

ስለዚህ ቃሉን መቅበርም፣ አለስልሶ በሌላ መተካትም አልደግፍም፤ ከነሙሉ ፍቺው ይቀመጥ ባይ ነኝ። ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አዘጋጅተውት በ1948 ዓ.ም. የታተመው መዝገበ ቃላትና የደስታ ተክለ ወልድ የ1962ቱ ታላቅ ሥራ ለሥሩ በቂ ናቸው። ለግማሹ ፍቺ ግን ወደ ሌላ ቋንቋ መሄድ ግድ ነው፤ የኢሉባቦር ገባር ያዘነው፣ የረገመውና የዘፈነው በአፋን ኦሮሞ ነውና። በኦሮሞ ታሪክም በ16ኛው ምዕተ ዓመት መስፋፋት ጊዜ የገበሩትና በጎሣ የተካተቱት ሕዝቦች «ገበሮ» ይባሉ ነበር፤ «ገበራ» ደግሞ ለሙሽራ ቤተሰብ የሚሰጥ ጥሎሽ ነው። የሥሩን ዝምድና ለሊቃውንቱ ትቼ፣ አንድ ድምፅ በአንድ ሸንተረር ላይ ሎሌነትንም ሠርግንም ሲያሰማ መስማት ለጸሐፊ ታላቅ ትምህርት መሆኑን እናገራለሁ። በዚያ ተውኔት ውስጥ ገባሩ ዕጣውን በአማርኛ ይሰማል፤ ለሚስቱ ሲነግራት ግን በኦሮምኛ ነው። መምህራን ያልተተረጎመ ለምን ተተወ ብለው ጠይቀውኛል፤ አልተረጎምኩትም።

የእኛም ዘመን ቃላት እያረጁ ነው። «ጓድ» የመንገድ ባልንጀራ ማለት የነበረ ደግ ቃል ነው፤ ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. የማዕረግ ያህል ሆኖ ኖረ። አሁን በመድረክ ላይ አንድ ተዋናይ «ጓድ ሊቀመንበር» ሲል አዳራሹ በሳቅ ይሞላል። የሚስቁት ወጣቶቹ ናቸው። ከኋላ የተቀመጡት እናቶች ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ይስባሉ።