የመግቢያው በር

በአንድ አገር ሁለት በቅሎ ገሪዎች ነበሩ አሉ። ከላይኛው ገሪ እጅ የወጣች በቅሎ ሁሉ ሰጋር ናት፤ ጠላ የሞላ ዋንጫ ይዘው ቢቀመጡባት ጠብ አይልም። ገበያ ስትወጣ ገዥ ይሻማባታል። ከታችኛው ገሪ የወጡት ግን ግማሾቹ ይሰግራሉ፣ ግማሾቹ ጭነት ይሸከማሉ፣ አንዳንዶቹም ገበያ ውለው ይመለሳሉ።

አንድ ባላገር ሁለት ያልተገሩ በቅሎዎች ነበሩት፤ አንዷ አረማመዷ ያማረ፣ አንዷ ረጋጭ። ጎረቤቱ ሁሉ «ምን ያሳስብሃል? ሁለቱንም ወደ ላይኛው ውሰድ እንጂ!» አለው።

ማልዶ ሄደ። ሄደ እንጂ አልገባም፤ ከደጁ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሌላው ሰው በቅሎ ስትወጣ ያያል፤ እሱ ስትገባ አየ። ገሪው የመጣችለትን ኮቴዋን ያነሳል፣ ጥርሷን ያያል፣ ጉልበቷን ይዳስሳል፣ ሃያ እርምጃ ያስኬዳታል። አንዷን «ትግባ» ይላል፤ ሌላዋን «መልሷት»። ባላገሩ ለገባችው በቀኙ፣ ለተመለሰችው በግራው ጠጠር አኖረ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የግራው ክምር ሆነ፤ የቀኙ እፍኝ አልሞላም።

ያን ጊዜ ተነሥቶ ገባ። ገሪው ረጋጯን ከሩቅ አይቶ «እሷን መልሳት» አለ። መልካሟን ሲያስኬዳት ግን ፊቱ በራ።

«እናቷ ባዝራ ሰጋር ነበረች?»

«አዎን ጌታዬ።»

«አካሄዷ ይናገራል። ተዋት።»

«ጌታዬ፣ ከእናቷ ይዛው ከመጣች የምከፍልዎ ለምኑ ነው?»

ገሪው አልተቆጣም፤ ሳቀ። «ለስሜ ነዋ! ከእኔ ደጅ ወጣች ከተባለ ገዥው ጥርሷን እንኳ አያይም።»

ባላገሩ ይህን ውሸት አላለም። ላስብበት ብሎ ወደ ታችኛው ወረደ። እዚያ ገሪው ያማሩትን ሊያሳየው ሲነሣ ባላገሩ «እነሱን ተዋቸው ወዳጄ፤ ስትመጣ ረጋጭ የነበረች አለችህ?» አለው። ገሪው ከጥግ አንዲት ቡላ ፈትቶ አመጣና ትንሽ ልጁን አስቀመጠባት። ልጁ ጆሮዋን እየጎተተ ግቢውን ዞረባት።

«ስንት ጊዜ ፈጀብህ?»

«ዓመት ከመንፈቅ።»

«ያልሆነልህስ?»

«እነዚያውልህ» ብሎ ከአጥሩ ጥግ የታሰሩትን አሳየው።

በማግስቱ ባላገሩ መልካሟን ላይ ተዋት፤ ረጋጯን ታች አወረዳት። ጎረቤቱ ሳቀበት።

የዩኒቨርሲቲም ነገር እንደዚሁ ነው። የእኛ አገር ተማሪ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ በአብዛኛው የሚመደበው በምርጫውና በውጤቱ ነው፤ ስመ ጥሩ ግቢ ከፍ ያለ ውጤት ያለው ይደርሰዋል። ከአራት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ «የእዚያ ግቢ ልጆች ቶሎ ይቀጠራሉ» ሲባል፣ ግቢው የሠራው ስንቱን እንደሆነ፣ ተሠርቶ የመጣው ስንቱ እንደሆነ ከቁጥሩ አይታይም። በ2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ውጤት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ከቀሩት የተወሰኑት በሪሜዲያል፣ ማለትም በአቅም ማሻሻያ ትምህርት፣ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የመውጫ ፈተና በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቶች ተጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ወላጅ ሁሉ የሚጠያየቀው የትኛው ግቢ ስንት አሳለፈ እያለ ነው።

ስም ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ከተማ ውስጥ ዘመድ የሌለውን ልጅ ሲቪው ላይ የሰፈረው የግቢ ስም ብቻውን ቀጣሪ ፊት ያደርሰዋል። «ተመራቂዎቻችን ሥራ ይዘዋል» የሚለው የግቢዎች ማስታወቂያ ግን እንደ አቆጣጠሩ ነው፤ የምህንድስና ዲግሪ ይዞ ኮብልስቶን የጠረበም ሥራ ይዟል።

ልጁ በሪሜዲያል የገባበት አባት ግን ፍለጋው ረዘም ይላል። እንደ ልጁ ሆኖ ገብቶ፣ ተምሮ፣ ተቀጥሮ ደመወዝ የሚበላ ሰው አንድ ሁለት ፈልጎ ማነጋገር አለበት፤ ማስታወቂያው ላይ የሚለጠፈው የሜዳሊያ ተሸላሚው ፎቶ ነውና።