ከኋላ የቆመ ወዳጅ

ከዚህ በፊት አይተነው ለማናውቀው፣ ከዛሬ በኋላም ለማናየው፣ እውነተኛ ስሙን እንኳ ላልነገረን ሰው ምን ዕዳ አለብን? ለእናት፣ ለወንድም፣ ለጎረቤት የሚገባውን ማንም ያውቀዋል፤ ብናጓድል የሚታዘበን አለ። ለአላፊ መንገደኛው የሚገባው ግን ምንድን ነው? ጥያቄው የቆየ ነው። እኔ ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ግን ብዙ አንባቢ ፈገግ በሚልበት ሥፍራ ነው፤ ይኸውም በኢንተርኔት በሚካሄደው የታንክ ውጊያ ጨዋታ ውስጥ። «ዕድሜ የጠገበ ሰው ስለ ልጆች መጫወቻ ይጽፋልን?» የሚል አይጠፋም። ይጽፋል። ሰው በቁም ነገር ላይ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ተጠንቅቆ ነው፤ ጠባዩ ተገልጦ የሚታየው ሲጫወት ነው።

ስለ ጨዋታው ላልሰማ አንባቢ ጥቂት ልበል። ከዚህ ዓይነቶቹ ጨዋታዎች በስም የገነነው «ወርልድ ኦፍ ታንክስ» የሚባለው ነው። ሚንስክ ላይ የተመሠረተው ዋርጌሚንግ የተባለ ኩባንያ በ2010 እ.ኤ.አ. ለሩሲያ፣ ከ2011 ጀምሮ ለቀረው ዓለም አቀረበው። በተለመደው ግጥሚያ 15 ታንክ በወዲህ፣ 15 ታንክ በወዲያ ይሰለፋል። እኔ የምኖረው አውሮፓ ስለ ሆነ ከሥራ መልስ የምሰለፈው ከፖሎች፣ ከቼኮች፣ ከጀርመኖች፣ ከቱርኮች ጋር ነው። ተመራርጠን የተሰባሰብን አይደለንም፤ ኮምፒዩተሩ ለቃቅሞ ያቆመን ነን። ታንኩ የተቃጠለበት ሰው በዚያ ግጥሚያ ዳግመኛ አይነሣም፤ ከፈለገ ቀሪውን ተቀምጦ ያያል፣ ካልፈለገ ወጥቶ በሌላ ታንክ ወደ ሌላ ግጥሚያ ይገባል። እንግዲህ ይህ ማኅበር ከሩብ ሰዓት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ ይወለዳል፣ ይዋጋል፣ ይበተናል። ማኅበርተኞቹም በዚህ ምድር ላይ ዳግመኛ አይገናኙ ይሆናል።

ኅብረቱ ግን ለይምሰል አይደለም፤ የታንክ ተፈጥሮ ያስገድዳል። ታንክ ብርቱ ነው፤ ነገር ግን ዓይኑ ደካማ ነው። ይህም በጨዋታ ብቻ ሳይሆን በእውነተኛው ጦር ሜዳ የታየ ነው። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በሽሬ በኩል ደምበጉና በተባለው በር የራስ እምሩ ጦር የኢጣሊያንን ትንንሽ ታንኮች የማረከው ከነሱ የበለጠ መሣሪያ ኖሮት አልነበረም። ታንኮቹ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዙ፣ መትረየሳቸው እምብዛም ከፊት የማያልፍ፣ ውስጣቸው ያለውም ሰው በጠባብ ቀዳዳ የሚያይ ነበር፤ በጎንና በኋላ ለመጣባቸው ጀግና መልስ አልነበራቸውም። ዛሬ የእነዚያ ታንኮች ዘር «ዋር ተንደር» በተባለው ሌላው ዕውቅ ጨዋታ ውስጥ የኢጣሊያን ወገን ለሚይዝ ጀማሪ የሚሰጥ መለማመጃ ሆኖ ይገኛል።

በ«ወርልድ ኦፍ ታንክስ» ይህ የዓይን ድካም የጨዋታው ዋና ሕግ ሆኗል። ከወገን አንዱ እንኳ ያላየው ጠላት በማናችንም መስኮት ላይ አይታይም። ስለዚህ ቀላሉ ታንክ ቀድሞ ሄዶ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባና ሳይንቀሳቀስ ይቃኛል። እርሱ ያየውን ሬዲዮ ለሁላችን ያደርስልናል፤ ከኋላ ያሉት ባለ ከባድ መድፎች ይተኩሳሉ። ቃኚው ራሱ ቢተኩስ ይገለጣል፣ ከተገለጠም ብዙ አይቆይም። ሥራው ዝም ብሎ ለሌሎች ማየት ነው። ኮምፒዩተሩ የቃኚውን ድርሻ አይዘነጋም፣ ይቆጥርለታል፤ የሰው ዓይን ግን ግጥሚያው ሲያልቅ የሚያርፈው ብዙ ታንክ ባቃጠለው ሰው ስም ላይ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ጨዋታው በተጀመረበት ዘመን ጥይት ወዳጅና ጠላት አይለይም ነበር። ወገኑን የመታ ካሣ ይከፍላል፤ ደጋግሞ የመታ ስሙ ሰማያዊ ይሆንና ሁሉም ያውቀዋል፤ ካልታረመም ይታገዳል። ይህ ሁሉ ሆኖ በንዴት፣ በቂም ወይም ለሣቅ ሲል ወገኑን የሚመታ አልጠፋም። በመጨረሻ በ2020 እ.ኤ.አ. ኩባንያው ነገሩን ከሥሩ ቆረጠው፤ በተለመደው ግጥሚያ የወገን ጥይት ወገንን እንዳይጎዳ አደረገ። እኔ ይህን ለውጥ የምነቅፍ ሰው አይደለሁም፤ በደል መቀነሱ መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ተከትሎት መጣ። ለመሆኑ ከዚያ ወዲህ ደጎች ሆንን ወይስ መጉዳት ብቻ ተሳነን? የደነዘ ቢላዋ ርኅሩኅ አይባልም። እጁ የታሰረ ሰው «አልሰረቅሁም» ብሎ ቢመካ የሚያደንቀው የለም።

መልሱን ያገኘሁት ተኩስ በሌለበት ነገር ላይ ነው። በከተማ ውስጥ የሚካሄድ ውጊያ እናስብ። አንድ ከባድ ታንክ ከሕንፃ ጥግ ብቅ ይላል፣ ይተኩሳል፣ ወዲያው ወደ ኋላ ተመልሶ ከግንቡ ጀርባ ይሸሸጋል። ጥይት እስኪያጎርስ ድረስ 10 ሰኮንድ ወይም ከዚያ በላይ ባዶ እጁን ነውና ሕይወቱ የተንጠለጠለው በዚያች ጥቂት ሜትር መመለሻ ላይ ነው። በዚህ መካከል አንድ ወገኑ ሊያግዘው ይመጣና ልክ ከኋላው ተጠግቶ ይቆማል። ክፋት የለውም፤ እንዲያውም የመጣው ሊረዳ ነው። ፊተኛው ተኩሶ ወደ ኋላ ሲል ከወዳጁ ብረት ጋር ይላተማል። መመለሻ የለም። ጥይት ከፊት ይወርድበታል፣ ያበቃለታል።

ገዳዩ ማን ነው? በመዝገቡ ላይ የሰፈረው የጠላት ስም ነው። ከኋላ የቆመው አንዲት ጥይት አልተኮሰም፣ ካሣ አልከፈለም፣ የጣሰው ሕግም የለም። የቆመበት ቦታ ግን ወገኑን አስፈጅቷል። እኛ በቋንቋችን ሰው ስናደፋፍር «አይዞህ፣ ከኋላህ አለሁ» እንላለን። ከኋላ መኖር ብቻውን ወዳጅነት እንዳልሆነ ከዚህ ጨዋታ በተሻለ ያሳየኝ ነገር የለም። ወዳጅ ማለት ከኋላ ሆኖ መመለሻ የሚተው ነው።

ሕግና ጨዋነት የሚለያዩበት ድንበር እዚህ ላይ ይታየኛል። የሕግ እጅ የሚደርሰው በሚታይና በሚቆጠር ጉዳት ላይ ነው፤ ማን ተኮሰ፣ ማንን መታ፣ ምን ያህል አጎደለ። ጨዋነት የሚጀምረው ከዚያ ወዲያ ነው። የሚጠይቀውም «ምን አደረግሁ?» ብሎ ብቻ ሳይሆን «እኔ እዚህ በመቆሜ ሌላው ምን አጣ?» ብሎ ነው። በጠባብ መንገድ ማን ይለፍ? ቁጥቋጦ ውስጥ ያደፈጠውን ቃኚ ገፍቼ አደባባይ አላወጣሁትም ወይ? ታንኬ አንድም ሳይነካ የቆሰለውን ባልንጀራዬን ከለላ አድርጌ አልቆምሁም ወይ? እነዚህን ጥያቄዎች የሚጠይቅ ኮምፒዩተር አልተሠራም።

«ጨዋ» የሚለው ቃላችን ራሱ አንድ ነገር ያስታውሰናል። በመካከለኛው ዘመን፣ ለምሳሌ በ15ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ፣ ጨዋ ይባሉ የነበሩት በየአውራጃው የሰፈሩት የንጉሡ ጭፍሮች ነበሩ። ዛሬ ቃሉ ሥርዓት ያለው፣ ሌላውን የሚያከብር ሰው መጠሪያ ነው። የቃሉ ጉዞ አያስገርመኝም፤ ከማንም ይልቅ ሥርዓት የሚያስፈልገው መሣሪያ ለያዘ ሰው ነውና።

«ጨዋነትማ ብድር ነው» የሚል ተከራካሪ ይኖራል። በደቦ የጎረቤቴን እህል የማጭደው ነገ የእኔን ስለሚያጭድልኝ ነው፤ ከዕድር የማልቀረው የእኔም ቀን እንዳለ ስለማውቅ ነው፤ ብድር በማይመለስበት ቦታ ጨዋነት ሞኝነት ነው ይላል። ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። በፕላቶ «ሪፐብሊክ» ሁለተኛ መጽሐፍ ግላውኮን የጋይጂስን ቀለበት ታሪክ ያነሣል። የቀለበቱን ፈርጥ ወደ መዳፉ ያዞረ ሰው ከዓይን ይሰወራል። ቀለበቱን ያገኘው እረኛም ተሰውሮ ንግሥቲቱን አሳተ፣ ንጉሡን ገደለ፣ ዙፋኑን ያዘ። ማንም ሰው ቀለበቱ ቢኖረው ይህንኑ ያደርጋል፤ ሰው ጻድቅ የሚሆነው ስለሚታይ ነው፤ የግላውኮን ነገር ይህ ነው። ሶቅራጥስም ለዚህ መልስ ለመስጠት የቀረውን መጽሐፍ ፈጀበት።

የኢንተርኔት ጨዋታ ለእያንዳንዳችን ያን ቀለበት በጣታችን አጥልቆልናል። ስማችን የብዕር ስም ነው፤ ፊታችን አይታይም፤ ሩብ ሰዓት ካለፈ በኋላ የሚጠይቀን የለም። በግላውኮን አስተያየት ቢሆን ሁላችንም አውሬ መሆን ነበረብን። አንዳንዶች ሆነዋል። ነገር ግን አንድ ምሽት ያየሁትን ልናገር። አንዲት ጥይት ብትነካው የሚያበቃለት የቆሰለ ቃኚ ሜዳ ላይ ተጋልጦ ነበር። አንድ የወገን ከባድ ታንክ ምንም ሳይጽፍ፣ ምንም ሳይል በጠላትና በቃኚው መካከል ገብቶ ጎኑን ሰጠ፤ ቃኚው ከኮረብታው ጀርባ እስኪሰወር ድረስ እዚያው ቆሞ ተቃጠለ። ግጥሚያውን ተሸነፍን። ያ ሰው ማን እንደ ሆነ፣ ከየት አገር እንደ ሆነ እኔም አላወቅሁም፣ ያዳነውም አላወቀም።

«ለማሸነፍ ብሎ ነው» ቢባል ግማሹ እውነት ነው። በሕይወት ያለ ቃኚ ለሁሉም ይጠቅማል፤ ጥቅም የሌለው ኅብረትም ብዙ አይቆምም። ነገር ግን ጥቅሙ ለ15 ሰው የሚካፈል ሲሆን፣ ዋጋውን የከፈለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያንን ዋጋ «እኔ ልክፈል» ያሰኘው ነገር ብድር አይደለም፤ አበዳሪና ተበዳሪ አይተዋወቁምና። እኔ የምለው በአጭሩ ይህ ነው፤ ያ ሰው ከብረቱ ውስጥ ሌላ ሰው እንዳለ አስታወሰ።

ይህን የረሳውንም እናውቀዋለን። የሆላንዱ የታሪክ ሊቅ ዮሐን ሆይዚንጋ በ1938 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ሆሞ ሉደንስ» በተባለው መጽሐፉ አጭበርባሪውንና ጨዋታ አፍራሹን ለይቶ ያሳያል። አጭበርባሪው ቢያንስ ሕጉን ያከበረ መስሎ ይታያል፤ አፍራሹ ግን የጨዋታውን ዓለም ራሱን ይንደዋል። በታንኩ ጨዋታ አፍራሹ ብዙ መልክ አለው። አንዱ ገና ሲጀመር ታንኩን አቁሞ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል፤ 14 ሰው ከ15 ጋር እንዲዋጋ ፈርዶ። ሌላው «ኤክስ ቪ ኤም» የተባለውን ተጨማሪ ፕሮግራም በመሰለ ነገር የእያንዳንዱን ተጫዋች ያለፈ ውጤት በቀለም ያያል፤ ደካማው ቀይ፣ ጎበዙ ሐምራዊ። ከዚያም ቀዩን ሰው ታንኩ ገና ሳይነቃነቅ ይሰድበዋል፤ ሰውን ከሥራው በፊት በቀለሙ መፍረድ እንዴት ቀላል ነው! ሦስተኛው ቀድሞ የሞተው ነው። ታንኩ ከተቃጠለ በኋላ አይሄድም፤ ተቀምጦ በሕይወት ለቀረው ብቸኛ ወገኑ «ወዲህ ዙር፣ ወዲያ ተኩስ፣ አንተ ደንቆሮ» እያለ ይጽፍለታል። ያ ምስኪን ስድቡን ለማንበብ ዓይኑን ከሜዳው ባነሣባት ቅጽበት ይመታል። ይህም ከኋላ መቆም ነው፤ በብረት ሳይሆን በቃል። በገና ሜዳ ሎሌ ጌታውን ቢመታ ቂም የማይያዝበትን ሥርዓት ያቆዩልን አባቶች ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?

«በጦር መሣሪያ መጫወትስ ተገቢ ነውን?» የሚለውን ከባዱን ጥያቄ አልሸሸውም። የእኛ አገር ሰው ታንክ ሲባል መጫወቻ አይታየውም፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ኦጋዴን ላይ የነደደውን፣ በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባውን ያስታውሳል። እውነተኛው ታንክ ሲቃጠል ውስጡ ያለው ልጅ ሌላ ታንክ መርጦ አይመለስም። ይህን ልዩነት የዘነጋ ተጫዋች ነውረኛ ነው። የጨዋታ ጨዋነት ጦርነት ያስቀራል ብዬም አልሰብክም። የሩሲያና የዩክሬን ወጣቶች ለዓመታት በአንድ ሰርቨር ገብተው፣ በአንድ ወገን ተሰልፈው ይህንኑ ጨዋታ ተጫውተዋል። በየካቲት 2014 ዓ.ም. እውነተኛው ታንክ ድንበር ሲያቋርጥ ያ አብሮ መሰለፍ አላገደውም፤ ኩባንያውም በዚያው ሰሞን ከሩሲያና ከቤላሩስ ለመውጣት ወሰነ። ጨዋታ ክፉውን ቀን አይመልስም። የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማንም በማያይበት፣ ምንም በማይከፈልበት ሥፍራ ሰው ምን እንደሚመርጥ ማሳየት።

ምርጫው ደግሞ በመስኮቱ ላይ ብቻ የሚቀር አይመስለኝም። በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ ሐሳብ ይዞ ብቅ ያለውን ባልደረባ «ግፋ፣ ከኋላህ አለን» ብለን፣ ነገሩ ሳይሳካ ሲቀር ግን የሚመለስበትን በር ዘግተን የምንቆም ስንት ነን? ልጃችንን «ወደ ፊት ብቻ» እያልን አሳድገን፣ ወድቆ ወደ ቤት ሊመለስ ሲል ደጃፉን የሞላነው ስንት ነን? ማናችንም አልተኮስንም፤ ስማችንም ሰማያዊ አልሆነም። የትም ብንሰለፍ የሚቀረን ጥያቄ አንድ ነው፤ ከፊታችን ያለው ሰው ወደ ኋላ ሲል ጥቂት ሜትር ትተንለታልን?