የጓሳው ጠባቂና ጎረቤቱ

ባለፈው ዓመት በኅብረታችን ስለ ፍጥረት ጥበቃ እየተወያየን ሳለ አንድ ወንድም እጁን አወጣና፣ «ሰው ማገዶ አጥቶ እየበረደው፣ ለቀበሮና ለሣር ጠባቂ ቀጥሮ ደመወዝ መክፈል ኃጢአት አይደለም ወይ?» ብሎ ጠየቀ። ግማሾቻችን ሳቅን። መሪያችን ሰዓት አልቋል አለና በጸሎት ዘጋን። እኔ ግን ጥያቄውን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ ምክንያቱም ወንድማችን እየቀለደ አልነበረም። ያደገው ደጋ ነው። እናቱ ጭራሮ ፍለጋ ስንት ሰዓት እንደምትሄድ ቆጥሮ ያውቃል።

በጥቅሉ «ተፈጥሮን እንጠብቅ» ማለት ለማንም አይከብድም። ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ችግኝ ይተከላል፣ ፎቶ ይነሣል። የሚከብደው ጥበቃው የአንድ ሰው የዕለት ሥራ ሲሆን ነው፤ ያ ሰው በጠዋት ጋቢውን ተከናንቦ ተራራ ሲወጣና እዚያ የሚያገኘው ሰው የገዛ ጎረቤቱ ሲሆን። ስለዚህ በደፈናው ከመናገር ይልቅ ወደ አንድ ቦታ ልውሰዳችሁ።

ቦታው ጓሳ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ይገኛል። ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ ከፍታው ከ3200 ሜትር በላይ የሆነ ውርጫም ደጋ ነው። ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ጓሳ ከተባለው ረጅም ሣር ነው። በዚህ ሣር የመንዝ ሰው ቤቱን ይከድንበታል፣ ገመድ ይገምድበታል። ቁጥቋጦው ማገዶ ነው። ከዚያ የሚመነጨው ውኃ ከፊሉ ወደ ዓባይ፣ ከፊሉ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ጅብራው እንደ ዘብ ቆሞ ይታያል፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር እየነጩ ይውላሉ፣ በመካከላቸውም ቀይ ቀበሮ ይመላለሳል።

እዚህ ላይ ከነገራችን ትንሽ ወጣ ብል ይቅር በሉኝ። በጓሳ ቀይ ቀበሮው በጭላዳዎቹ መንጋ መካከል እየተራመደ አይጥ ሲያድን ጭላዳዎቹ አይሸሹትም፤ እሱም ግልገሎቻቸውን ትቶ በአይጡ ላይ ብቻ ያነጣጥራል። ተመራማሪዎች ቆጥረውት፣ ብቻውን ሲያድን ከአራት ሙከራ አንዱ ሲሳካለት፣ በጭላዳዎቹ መካከል ሲሆን ግን ከሦስቱ ሁለቱ ያህል እንደሚሳካለት አግኝተዋል። ይህን ባነበብኩ ቀን ለብቻዬ ፈገግ አልኩ። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች በጠቅላላው 500 አይሞሉም፤ ሁሉም ያሉት በአገራችን ነው።

ወደ ሰዎቹ እንመለስ። ጓሳን የሚጠብቁት ስካውቶች ከሩቅ የተላኩ ሰዎች አይደሉም፤ በዙሪያው ካሉ ቀበሌዎች የወጡ ናቸው። በላያቸው ያለውም ኮሚቴ ከዚያው ማኅበረሰብ የተመረጠ ነው። ሥራቸው ብዙውን ጊዜ መራመድ ነው። በጭጋግ ይወጣሉ፣ በብርድ ይውላሉ፣ ያዩትን ይመዘግባሉ፣ የገባ ከብት ያስወጣሉ፣ ያለ ጊዜው የሚያጭደውን ይከለክላሉ። የማንኛችንንም ጭብጨባ የሚያስገኝ ሥራ አይደለም።

ሥራው ግን አዲስ አይደለም። የመንዝ ሰው ጓሳን መጠበቅ ከጀመረ ወደ 400 ዓመት ይጠጋዋል። አስቦና ጌራ ከተባሉ ሁለት አባቶች ትውልዳቸውን የሚቆጥሩ ባለ ርስቶች ቦታውን በጋራ ይይዙት ነበር። ሥርዓቱ ቄሮ ይባል ነበር (ቃሉ ዛሬ ሌላ ነገር ቢያስታውሳችሁም የዚህኛው ትርጉም ይኸው ነው)። ባለ ርስቶቹ የሚመርጧቸው አለቆች ነበሩ፤ አፈሮ ወይም አባ ቄራ ይባሉ ነበር። ሣሩ ሲመነምን ቦታው ለተከታታይ ዓመታት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል። ደርሷል ሲባል በበጋ ወራት ተከፍቶ ሁሉም በአንድነት ይገባና ያጭዳል፤ ከዚያ መልሶ ይዘጋል። አጥፊውን ማሳደድ የሁሉም ድርሻ ነበር፤ ቅጣቱም ቀላል አልነበረም።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። ርስት ቀረ፤ ቄሮም አብሮ ቀረ። መሬቱ የሁሉም ሆነ፤ የሁሉም የሆነውን ግን የሚጠብቀው ጠፋ፤ ግጦሹና አጨዳው ልክ አጣ። ሕዝቡ በኋላ ቁጭ ብሎ መከረና በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን መለሰው፤ ቆይቶም ክልሉ በሕግ አወቀለት። የዛሬዎቹ ስካውቶች የቆሙት በዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ ይህን በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ። ጊዜው ነሐሴ ነው። ዝናቡ አላባራም፣ ሣሩ ተዘግቷል። አንድ ስካውት በጭጋግ ውስጥ ማጭድ የያዘች ሴት ያገኛል። እግሯ ሥር ግማሽ ሸክም ጓሳ ታስሮ ተቀምጧል። ያውቃታል። ምናልባት የልጁ የክርስትና እናት ናት፣ ምናልባት ባሏን አብሯት ቀብሯል። ቤቷ ያፈሳል። «የኔ ልጅ፣ ሌሊቱን በእንቅብ ውኃ ስቀበል ነው ያደርኩት» ትለዋለች። ምን ያድርግ?

መጽሐፍ ቅዱስን የምታነቡ ሁሉ ሰው በኤደን ገነት ሲቀመጥ ሁለት ሥራ እንደተሰጠው ታውቃላችሁ፤ እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት። ሁለት ምዕራፍ ዝቅ ብላችሁ ስታነቡ ቃየል ስለ ወንድሙ ሲጠየቅ ጠባቂው አይደለሁም በሚል መንፈስ ሲመልስ ታገኙታላችሁ። በዕብራይስጡ በሁለቱም ቦታ ያለው ግሥ አንድ ነው፤ ሻማር ይባላል። አማርኛችንም ሁለቱንም «መጠበቅ» ብሎ ስለተረጎመ እድለኞች ነን። ስለ አትክልት ቦታው የተነገረውና ቃየል ስለ ወንድሙ የካደው አንድ ቃል ነው።

ስብከቱ ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ያልቃል፤ «እንግዲህ ሁለቱንም እንጠብቅ» ተብሎ። ለጓሳው ስካውት ግን ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። አትክልቱን ቢጠብቅ ወንድሙን፣ እዚህ ላይ እኅቱን፣ በዝናብ ሊጥላት ነው። እሷን ቢጠብቅ ነገ አሥር ሰው ማጭድ ይዞ ይመጣል፤ ሁሉም ቤቱ ያፈሳል፤ ማንም አልዋሸም።

ለዚህ የመጀመሪያው መልሴ የመጣው ከአያቴ ጎታ ነው። ልጅ ሳለን በክረምት እህል ሲያልቅ አያቴ ለዘር ያስቀመጠችው ገብስ ከነጓዳው ይሸተን ነበር። ታናሽ ወንድሜ አንድ ቀን አልቅሶ ለመናት። አልሰጠችውም። ጨካኝ መሰለችኝ። አሁን ሳስበው ያን ቀን አያቴ ከፊቷ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ አንዱ የሚያለቅሰው፣ ሌላው በሚመጣው ዓመት የሚያለቅሰው፤ ሁለቱም ያው ወንድሜ ነበሩ። የጓሳው ስካውትም እንዲሁ ነው። ከማጭዷ ባለቤት ጀርባ ገና ያልተወለዱ ባለ ማጭዶች ተሰልፈዋል። ድምፅ ስለሌላቸው ከሷ ያነሰ ጎረቤቶች አይደሉም።

በዚህ መልስ ጥቂት ቀን ረክቼ ነበር። ኋላ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። አያቴ የዘሩን ገብስ ስትከለክለን እሷም አልበላችም። እንዲያውም ከሁላችን ያነሰ የምትበላው እሷ ነበረች። እሷ በጓዳ ተደብቃ ቆሎ እየቆረጠመች እኛን «ታገሡ» ብትለን ኖሮ ያው ገብስ፣ ያው ዘር፣ ያው ትክክለኛ ምክንያት፤ ግን ግፍ ይሆን ነበር።

እኔ እንደሚመስለኝ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ስለሚመጣው ትውልድ ብሎ ዛሬ ያለውን ድሃ የሚከለክል ሰው፣ ክልከላው እሱንም የሚነካው ካልሆነ የመከልከል አፍ የለውም። አዲስ አበባ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ በኤሌክትሪክ ምጣድ እየጋገርኩ የመንዝ ሴት ማገዶ እንዳትቆርጥ ባዝን፣ ሐዘኔ ምንም አላስወጣኝም። የስካውቱ ቃል ግን ክብደት አለው፤ ምክንያቱም የራሱም ከብት ከዚያ ሣር ታግዷል፣ የራሱም ሚስት ኩበት እያነደደች ዓይኗ ይጨሳል።

በዚህ ሚዛን ሳየው የጥንቱን ቄሮም እንዳለ ማመስገን አልቻልኩም። ስለ ጓሳ የሚጽፉ ብዙዎች የድሮውን ሥርዓት ያወድሳሉ፤ እውነትም ሣሩን ጠብቆ አቆይቷል። ነገር ግን ከአስቦና ከጌራ ያልተወለደ፣ ርስት የሌለው ሰው ከሣሩ ድርሻ አልነበረውም። ለባለ ርስቱ ክልከላው የቀጠሮ ጉዳይ ነው፤ ታግሦ ያጭዳል። ለሌላው ግን መክፈቻ ቀን የሌለው መዝጊያ ነበር። ስለዚህ 1967 ለሣሩ ክፉ ዓመት ቢሆን፣ ርስት ላልነበራቸው መልካም ዓመት ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። በደንብ የተጠበቀ ነገር ሁሉ በጽድቅ የተጠበቀ አይደለም፤ ይህን መቀበል ለኔ ቀላል አልነበረም፤ ምክንያቱም የድሮውን ሥርዓት በጣም ወድጄው ነበር።

ደግነቱ ሁለቱ ጥበቃዎች ሁልጊዜ አይጋጩም። ለዚህ ከመንዝ ወደ ባሌ ተራሮች ልሻገር፤ ከቀይ ቀበሮዎቹ የሚበዙት ያሉት እዚያ ነው። የቀይ ቀበሮ ትልቁ ጠላት ጥይት አይደለም፤ ከእረኞች ጋር ወደ ተራራው የሚወጡ ውሾች የሚያመጡት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በሽታው በባሌ አንድ ሸለቆ ውስጥ ገብቶ ከአራት ቀበሮዎች ሦስቱን ያህል ጨረሰ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እዚያ የሚሠሩት የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ሠራተኞች በፈረስና በእግር ከመንደር መንደር እየዞሩ የገበሬውን ውሾች ይከትባሉ። ስለ ቀበሮ ብለው ነው የሚዞሩት። ነገር ግን ያ ውሻ ቢያብድ መጀመሪያ የሚነክሰው ደጃፉ ላይ የሚጫወተውን ሕፃን ነው። መርፌው ማንን ጠበቀ? ወንድማችን «ለቀበሮ ደመወዝ» ያለው ገንዘብ እዚያ ላይ ለልጅም ሆኗል።

ሆኖም በዚህ ልሸፋፍነው አልፈልግም። ቀበሮው ለሰው ስለሚጠቅም ብቻ ይጠበቅ ካልን፣ የማይጠቅምበት ቀን ሲመጣ ምን እንላለን? በኢዮብ መጽሐፍ መጨረሻ አካባቢ እግዚአብሔር ለዚያ ለተሠቃየ ሰው ሲመልስ ስለ በሬና ስለ በግ አይደለም የሚያወራው፤ ማንም ስላላለባቸው፣ ማንም ስላልጫናቸው ስለ ዱር አህያና ስለ በረሃ ፍየል ነው፤ መቼ እንደሚወልዱ ኢዮብ የማያውቀውን እሱ ያውቃል። ሁሉን ላጣ ሰው ይህ ምን ዓይነት ማጽናኛ ነው ብዬ ለረጅም ጊዜ ግራ ይገባኝ ነበር። አሁንም ሙሉ በሙሉ አልገባኝም። ቢያንስ ግን ዓለሙ በኔ ኪስ ልክ እንዳልተሠራ ይነግረኛል።

ይህን ሁሉ ይዤ፣ ከወራት በኋላ፣ ያንን ወንድም ከአምልኮ በኋላ ሻይ ልጋብዝህ አልኩት። ስለ ጓሳ፣ ስለ ስካውቶቹ፣ ስለ አያቴ ገብስ፣ ስለ ሁለቱ ጥበቃዎች ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። «እንግዲህ ጠባቂው አብሮ ከተጎዳ መከልከል ይችላል ነው የምትለው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ሻዩን ጨለጠና ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ደመወዝ ያገኛል አይደል?»

«ትንሽ» አልኩ።

«ትንሽም ቢሆን በወር በወሩ ነው። እስቲ አንድ ነገር ንገረኝ» አለ፤ «የዚያ ጠባቂ የራሱ ቤት በምንድን ነው የተከደነው? በጓሳ ነው ወይስ በቆርቆሮ?»