ነጩ ልብስና የአራሷ እምነት

ባለሙያን ማመን ሞኝነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በበርካታ የአፍሪካ አገሮች የዱቄት ወተት ኩባንያዎች የነርስ ልብስ ያለበሷቸውን ሴቶች ወደ አራሶች ይልኩ ነበር። አራሷ ነጩን ልብስ አይታ አመነች። ባታምን ይሻላት ነበር ማለት ይቀላል፤ ዳሩ ግን ልጇን ያስከተበችውም በዚያው እምነት ነው። ንጹሕ ውኃ በሌለበት ቤት የተበጠበጠው፣ ዋጋው ስለከበደም እየቀጠነ የተሰጠው ወተት ብዙ ሕፃናትን ለተቅማጥና ለምግብ እጥረት ዳረገ። ኩባንያዎቹ የሸጡት ወተት ብቻ አልነበረም፤ እውነተኞቹ ነርሶች በድካማቸው ያፈሩትን አመኔታ ጭምር ነው። የዓለም ጤና ጉባኤ በ1981 ባጸደቀው ደንብ ሻጮች እናቶችን በቀጥታ እንዳያነጋግሩ አሳሰበ፤ ኬንያም በ2012 ሕግ አወጣች።

እንግዲያው ከምክሩ የማያተርፍ ሰው ብቻ ይታመን? ይህም አይበቃም። በኢትዮጵያ ለተወለደ ሕፃን ቅቤ ያዋጡ፣ እንገሩንም እንደ ቆሻሻ ቆጥረው ያስደፉ አያቶች ስንት ናቸው! አንዲት ሳንቲም አላተረፉም፤ ፍቅራቸውም ሐሰት አልነበረም። እንገር ግን ሕፃኑን ከበሽታ የሚጠብቅ የመጀመሪያ ምግቡ ነው። «ምን ታገኝበታለህ?» የሚለው ጥያቄ ሻጩን ያጋልጣል፤ አያትን ግን አይነካም። ለእርሳቸው የሚሆነው «በምን አወቁ?» ነው፤ ይህን ደፍሮ የሚጠይቅ ምራት ደግሞ በቀላሉ አይገኝም።

በየቀበሌው የተሰማራችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደመወዟ ከወተት ሽያጭ አይመጣም። ሆኖም አያት «አንቺ ገና ያልወለድሽ ልጅ፣ በምን አወቅሽ?» ቢሏት ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ደብተሯን አጥፋ፣ ከጎናቸው ተቀምጣ ልታስረዳቸው ይገባል።